ጎታች ጀልባና የባሮ በር፤ ከ1894 እስከ 1949 ዓ.ም.

ጎፋ ላይ ተቀምጦ ስለ መርከብ ሥራ መጻፍ ሰሚውን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። በሰፈራችን ጥግ ቁልቁል ወደ አቃቂ የሚወርዱት ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ ደፍርሰው ቢሞሉም ታንኳ የሚሸከም ጥልቀት የላቸውም። ሆኖም ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ጎፋ ገብርኤል በየሱቁ ከተደረደረው ዕቃ በባሕር የመጣውን ለይተን ብናወጣ፥ ምስማሩም፥ ጎማውም፥ የስንዴ ዱቄቱም አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በአንዲት ትንሽ ጀልባ አጋዥነት ወደ መሬት የቀረበ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህችም ጎታች ጀልባ ናት።

ትልቅ መርከብ በሰፊው ባሕር ላይ ጌታ ነው። ወደብ ሲደርስ ግን ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ፍጥነቱን ሲቀንስ ደግሞ መሪው እንደ ልብ አይታዘዝለትም። በዚያ ጠባብ ስፍራ ነፋስ ቢገፋው ከሌላ መርከብ ወይም ከወደቡ ግንብ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ጎታቾቹ ጀልባዎች ይመጣሉ። አንዲቱ በወፍራም ገመድ ከፊት ትስበዋለች፥ ሌላይቱ በአፍንጫዋ ከጎን ትገፋዋለች፤ እንዲህ እያደረጉ ከማረፊያው ያስጠጉታል። ሰውነታቸው ትንሽ ነው፤ ሞተራቸው ግን ከሰውነታቸው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ብርቱ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ወደብና ስለ ትልልቅ መርከቦች ብዙ ሲጽፉ እነዚህን የጉልበት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ይዘልሏቸዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ጉድለት ነው፤ በር የማን እንደ ሆነ ለማወቅ መሬቱን ብቻ ሳይሆን በበሩ የሚያስገባውንም ጀልባ መመርመር ይገባልና። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የባሮ ወንዝ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ኮሎኔል ሐሪንግተን በአዲስ አበባ የተፈራረሙት ውል ይበልጥ የሚታወቀው የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን በመከለሉ ነው። ስለ ዓባይ፥ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውሃ የተጻፈውም 3ኛው አንቀጽ እስከ ዛሬ ያከራክራል። 4ኛውን አንቀጽ የሚያነሣ ሰው ግን ጥቂት ነው። በዚህ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። መሬቱ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፥ በስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ተከለከለ። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲሆን ተደረገ።

አንቀጹ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። መሬቱን ለክቷል፥ አገልግሎቱን ወስኗል፥ ፍጻሜውንም አመልክቷል። ስለ ጀልባ ግን አንድም ቃል የለበትም። ዕቃውን የሚያመጣውና የሚወስደው ማን ነው? የጭነቱን ዋጋ የሚቈርጠው ማን ነው? ይህን የሚመልስ መስመር በዚያ አንቀጽ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። መልሱ ወንዙ ላይ ነበር፤ መርከቦቹ የሱዳን መንግሥት ነበሩ።

ጣቢያው መጀመሪያ ከታሰበበት ከኢታንግ ወደ ላይ ከፍ ብሎ በአኝዋክ ምድር፥ የጃጃቤ ወንዝ ከባሮ ጋር በሚገናኝበት በጋምቤላ ተመሠረተ። ስፍራው ለደጋው የቀረበ ነው። ከካርቱም እስከዚያ ድረስ ያለው የውሃ መንገድ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በነጭ ዓባይ ወደ ደቡብ ተጉዞ፥ ወደ ሶባት ታጥፎ፥ በናስር በኩል አልፎ ባሮን ይይዛል።

በዚህ መንገድ የሚመላለሱት መርከቦች በእንፋሎት የሚሠሩ፥ በማገዶ የሚነዱ ነበሩ። መቅዘፊያቸው በስተኋላ የተተከለ ትልቅ መንኰራኩር ነው፤ ወንዙ ጥልቀት ስለሌለው በውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚዞር መቅዘፊያ አሸዋውን ይነካ ነበርና። የጭነቱን ብዛት የሚሸከሙት ራሳቸው መርከቦቹ አይደሉም። ሞተር የሌላቸው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች በግራና በቀኝ፥ አንዳንድ ጊዜም በፊት፥ በገመድ ጥብቅ ተደርገው ከመርከቡ ጋር ይታሰራሉ፤ መርከቡም ሁሉን እንደ አንድ አካል ይዞ ይገፋል። በባሕር ዳርቻ እንደሚደረገው ጭነቱን ከኋላ በረጅም ገመድ ቢጎትት ኖሮ፥ ወንዙ በተጠማዘዘ ቍጥር የጭነት ጀልባው እየተወረወረ ከገደሉ ጋር በተጋጨ ነበር። እንግዲህ የባሮ መርከብ በስሙ መርከብ ይባል እንጂ በሥራው ጎታች ጀልባ ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

ጌታው ግን ወንዙ ነበር። ባሮ መርከብ የሚችለው የደጋው ዝናም ሲሞላው፥ በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። በቀረው ወራት አሸዋው ይወጣል። ለመመለስ የዘገየ መርከብ ውሃው ቢከዳው የሚቀጥለውን ክረምት ከመጠበቅ ሌላ ዕድል አልነበረውም። በደጋው ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ክረምት ለሲራራ ነጋዴ ክፉ ወራት ነው። መንገዱ ይጨቀያል፥ ወንዙ አያሻግርም። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ መጋዘን ገብቶ መርከቡን ይጠብቃል፤ መርከቡ በክረምት ያመጣው ጨው ደግሞ መንገዱ እስኪደርቅ ይቆያል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተኛል። ገንዘቡ ብዙ ወር ታስሮ መቆየት የሚችለው ነጋዴ ማን እንደ ሆነ ከዚህ መገመት አያስቸግርም፤ በጋምቤላ መደብር የከፈቱት በብዛት ግሪኮችና ሶሪያውያን ነበሩ።

ከደጋው የሚወርደው ዋናው ዕቃ ቡና ነበር፤ ሰምና ቆዳም ይከተሉታል። ወደ ላይ የሚወጣው ጨውና የጥጥ ጨርቅ ነው። አንዱ መንገድ ራስ ተሰማ ናደው ይገዙት ከነበረው ከጎሬ በቡሬ በኩል ይመጣል፤ ሁለተኛው ደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ከነበሩበት ከሰዮ ይወርዳል። ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ጋምቤላ ከ600 ሜትር በታች ናት። በዚያ ቁልቁለት መጨረሻ ሙቀቱና ገንዲው አጋሰስን ስለሚፈጅ ብዙው ጭነት በሰው ትከሻ ነበር የሚጓዘው። የመርከቡን ታሪክ ስንጽፍ እነዚህን ተሸካሚዎች መርሳት አይገባንም፤ ከወንዙ በላይ ላለው መንገድ ጎታቾቹ እነርሱ ነበሩ።

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ለምዕራቡ ቡና ተወዳዳሪ በር ተከፈተ። በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ ጅማና ወደ ነቀምት የተሠሩት የመኪና መንገዶች ደግሞ ነጋዴውን ፊቱን ወደ መሐል አገር እንዲያዞር አደረጉት። በ1933 ዓ.ም. ከቤልጅክ ኮንጎ የመጣው ጦር በሱዳን አድርጎ፥ ጋምቤላን መተላለፊያው አድርጎ ወደ ሰዮ ወጣ፤ ጄኔራል ጋዜራም ሰኔ 26 ቀን በዚያው እጁን ሰጠ። ለጦር ሥራ እንዳይውል የተከለከለው የንግድ በር የጦር መንገድ ሆነ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ስለ ውሉ ቃል የሚጠይቅ አልነበረም።

የ1894ቱ ውል ፍጻሜ የመጣው በራሱ ቃል ነው። ሱዳን ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የእንግሊዝና የግብፅ መንግሥት በዚያ አገር አበቃ፤ ኪራዩም አብሮ አበቃ። ጋምቤላም ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ሰንደቅ ዓላማችን በወንዙ ዳር ተሰቀለ፤ የደስታው ምክንያትም እውነተኛ ነበር። መርከቦቹ ግን ከመሬቱ ጋር አልተመለሱም። መጀመሪያውንም የእኛ አልነበሩምና ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም። ከዚህም በላይ መንገዱ የሚያልፍበት የደቡብ ሱዳን አገር ከነሐሴ 1947 ዓ.ም. የቶሪት ዐመፅ ጀምሮ ሰላም ርቆት ነበር። ወደቡን ስንረከብ ወደቡን ወደብ ያደረገው ሥራ እየራቀ ሄደ።

መንግሥት ከዚህ በኋላ ዐይኑን ወደ ቀይ ባሕር አዞረ፤ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብም በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ። በአሰብና በምጽዋ ወደቡም ባንዲራውም በአንድነት የነበሩበት ዘመን ግን አጭር ሆነ፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ አሰብ ለኢትዮጵያ ዕቃ ተዘጋች። ዛሬ የራሳችን ባንዲራ ያለበት መርከብ ጅቡቲ ሲደርስ ገመዱን የሚቀበሉት የሌላ አገር ጀልባዎች ናቸው፤ የአገልግሎቱም ዋጋ ይከፈላቸዋል። ያ ዋጋ ጎፋ ያለው ባለሱቅ ለምስማርና ለጎማ በሚቈርጠው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

ባሮ ግን ልማዱን አልተወም። በየሰኔው ይሞላል፤ ከእንጨት የተፈለፈሉ ታንኳዎችም ከጋምቤላ በታች ሰውና እህል ያሻግሩበታል።