ለሽምግልና የተቀጠረ ቁርባን፤ የዋግ ትዳርና እምነት

በዋግ ምድር፣ በሰቆጣ ዙሪያም ሆነ በደሃና ገጠር፣ ለዘመናት የኖረውን የትዳር ልማድ ለመረዳት፣ በቅዳሴ ፍጻሜ ሥጋ ወደሙ ሊቀበሉ የሚቀርቡት እነማን እንደነበሩ ማስተዋል ብዙ ይረዳል። በእናታቸው ጀርባ የታዘሉ ሕፃናት ይቀርባሉ። ቆብ የጫኑ አሮጊቶችና ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች ይቀርባሉ። ካህናቱና ዲያቆናቱም ይቀርባሉ። ጎጆ የወጣው፣ በጥማድ በሬው የሚያርሰው፣ ልጅ የሚያሳድገው ጎልማሳና ሚስቱ ግን ጾሙን ጾመው፣ ቆመው አስቀድሰው፣ ጠበል ቀምሰው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ለምን እንደማይቆርቡ ሲጠየቁ መልሳቸው የታወቀ ነው፤ አንችለውም፣ ገና ነን፣ ድፍረት ይሆንብናል ይላሉ። በዚህ መልስ ውስጥ ትሕትና አለ፤ ፈሪሃ እግዚአብሔርም አለ። ነገር ግን ሰውን ለቁርባን የሚያበቃው የራሱ ብርታት ነው የሚል ሐሳብም አብሮ ተቀምጧል። የዋግን ትዳር ለብዙ ዘመን የቀረጸው ይህ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤተ ክርስቲያን ለደካማ የሰጠችውን ምሥጢር ሕዝቡ ራሱን ለገዛ ሰው የሚሰጥ ሽልማት አደረገው፤ ትዳሩንም በራሱ ጥንቃቄ ላይ አቆመው።

በዋግ እንደ ቀረው የሰሜን ደጋ ሁሉ ዋነኞቹ የጋብቻ መንገዶች ሁለት ነበሩ። ብዙው ሰው የሚያገባው በሰማንያ ነው። ሽማግሌ ይላካል፤ ሁለቱ ወገኖች ይቀመጣሉ፤ ከሙሽራው አባት ይህን ያህል በሬ፣ ይህን ያህል ላም ሲባል ከሙሽራዪቱም ወገን ተመጣጣኙ ይጠራል። ዋሶች ስማቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ቃል ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ድግሱ። ነገሩ በአማርኛ ተነገረ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ ይዘቱ አይለወጥም። ትዳሩ ቢፈርስ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ ገና ከመነሻው ታስቦበታል። ሁለተኛው የቁርባን ጋብቻ ነው፤ ባልና ሚስት በአንድ ቀን አብረው የሚቆርቡበት፣ እስከ ሞት የሚዘልቅ። ይህ ለካህናት ግዴታ ነበረ፤ ለምእመናን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጆች ተድረው፣ ጉልበት ደክሞ፣ ፈተናው ሁሉ ካለፈ በኋላ የሚፈጸም ነገር ሆኖ ቆየ። ሠላሳ ዓመት በሰማንያ የኖሩ ባልና ሚስት በስተእርጅና ቆረቡ ሲባል ጎረቤት ደስ ይለዋል፤ መንደሩም ወጣ ገብ ያልሆኑ፣ የተመሰገኑ ሰዎች መሆናቸውን ያውቅላቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ምስጋና ነው። ትዳሩ እርዳታ በሚሻበት ዘመን ያልተቀበሉት ነገር፣ ትዳሩን በራሳቸው ከተወጡት በኋላ እንደ ማረጋገጫ ወረቀት ተሰጣቸው።

ነገሩ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቆይቶ ያየውን ጽፏል። የዋግ ጎረቤት የሆነውን የላስታን ምድር ረግጧል፤ በዋሻ ውስጥ የታነጸችውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያንም አይቷል። ስለ ጋብቻ ሲጽፍ፣ ባልና ሚስት ቢለያዩ ጥፋተኛው የሚከፍለው መቀጫ አስቀድሞ በወርቅ፣ በበቅሎ፣ በላም ወይም በእህል እንደሚወሰን ይነግረናል። አስከትሎም መለያየት የፈለገ ሰው መቀጫውን ላለመክፈል ሰበብ እንደሚፈልግና ከፋዩ ጥቂት እንደሆነ ያክላል። ትዳራቸውን አጽንተው የሚይዙት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው ይላል። አንዱ መፍታት የማይችለው ካህን ነው፤ ሌላው በእርሻና በከብት፣ በልጅ ማሳደግም የሚስቱ እርዳታ የሚያስፈልገው ገበሬ ነው። በሦስት ሚስት የሚኖር አንድ ትልቅ ሰው ሁለቱን አሰናብቶ በአንዷ ሲጸና ቤተ ክርስቲያን መልሳ እንደተቀበለችውም መዝግቧል። ሥርዓቱ ትክክል ነው፤ ንስሐ ያለ ፍሬ አይቆምም። ሕዝቡ ግን ከዚህ የቀረለት ትምህርት «መጀመሪያ ራስህን አስተካክል፣ ከዚያ ና» የሚለው ብቻ ይመስላል። ራሱን ማስተካከል የሚያስችለው ኃይል ከየት እንደሚመጣ የሚናገረው ግማሽ ተረሳ።

ይህ ግማሽ በዋግና በላስታ የተረሳበት የራሱ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ የጻፈው ግብጻዊው ክርስቲያን አቡ አል መካሪም፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት ካህናት እንደሆኑና ቅዳሴ እንደሚቀድሱ፣ ነገር ግን በእጃቸው ሰው ከገደሉ መቀደስ እንደማይችሉ ይናገራል። ዘመኑ የዛጉዌ ነው፤ ገድሉ ካህንም ንጉሥም አድርጎ የሚያስታውሰው ይምርሐነ ክርስቶስ የነገሠበት ሥርወ መንግሥት። ደም ያፈሰሰ እጅ ከመሠዊያው ይራቅ ማለት ቅዱስ ሕግ ነው። እንደ ትውፊቱ ከሆነ በ1270 እ.ኤ.አ. ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር የዛጉዌ ዘሮች ዋግን ይዘው፣ የብር ወንበራቸውን ክብር ጠብቀው ዋግሹም ተብለው ቀሩ። ዋግሹም ደግሞ የጦር ሰው ነበር። ለዘመቻ የሚኖር፣ ለዘመቻ የሚያገባ ገዥ ከመቅደሱ መራቁ የተለመደ ሆነ፤ ትልቁ የራቀበትን ትንሹ ሊዳፈረው አልቻለም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሆኖም የመሳፍንቱ የጋብቻ ታሪክ ይደግፈዋል። ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ሲነግሡ ሚስታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የትግራዩ የካሳ ምርጫ እህት ነበሩ። ከዚህ የተሻለ የፖለቲካ ዋስትና አይገኝም። በ1871 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ግን አማቾቹ በዐድዋ አጠገብ አሰም ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው ዓይናቸው ጠፋ፣ በእስርም አረፉ። ካሳም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ጋብቻው በሰው ብልሃት የታሰበው ሁሉ ነበረው፤ ሰላም ግን አላመጣም።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የሞከሩም ነበሩ። የጎበዜን አባት ዋግሹም ገብረ መድኅንን የሰቀሉት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከእቴጌ ተዋበች ጋር በቁርባን ተጋብተው መኳንንቱም እንደሳቸው እንዲያደርጉ ይፈልጉ ነበር። ተዋበች በ1858 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ንጉሡ ከጥሩወርቅ ጋር የመሠረቱት ሁለተኛው ትዳር ደስታ አልነበረውም፤ ብርቱ ፈቃዳቸው ግዛትን ሰብስቦ አንድ ሲያደርግ ቤታቸውን አላቀናላቸውም። ምኒልክና ጣይቱ አንኮበር መድኃኔ ዓለም የቆረቡት በ1883 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር ያዩ፣ በዕድሜ የበሰሉ ነበሩ። ከቤተ መንግሥት እስከ ገበሬ ጎጆ ቁርባን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ምን ታስተምራለች? የፍትሐ ነገሥት 24ኛው አንቀጽ ጋብቻ ያለ ካህናት ጸሎትና ያለ ቁርባን እንደማይጸና ያዛል፤ ይህን ለአረጋውያን ብቻ አላለም። ሙሽሮች አክሊል ደፍተው የሚቆርቡበትን ሥርዓተ ተክሊል ቀረብ ብሎ ላየው ነገሩ ግልጽ ነው። ሙሽሮቹ ካባ ይደረብላቸዋል፣ ቀለበት ይባረክላቸዋል፣ ቅብዐ ቅዱስ ይቀባሉ፣ አክሊል ይደፋላቸዋል፤ ከዚያ ቅዳሴው ይቀጥላል፤ ሥጋ ወደሙም ይቀበላሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሙሽሮቹ የሚያደርጉት ነገር ጥቂት ነው፤ የሚበዛው የሚደረግላቸው ነው። ዘይቱ ኃይል ለሌለው ኃይል እንዲሆን ነው፤ አክሊሉም ገና አንድ ቀን እንኳ በትዳር ላልኖረ ሰው ይደፋል። ሠርግ የሚበዛበት ጥር ራሱ የቃና ዘገሊላ ወር ነው። ጥር 12 ቀን በዋግ ቤተ ክርስቲያናት የሚነገረው ታሪክ፣ ደጋሾቹ ያዘጋጁት ወይን ጠጅ በሠርጉ መካከል እንዳለቀባቸውና የተጠራው እንግዳ ጉድለቱን እንደሞላው ነው። በሬና ላም ቆጥሮ የተዋዋለ ወገን ይህን በየዓመቱ ይሰማል። በዋግ ደግሞ ማለቅ ምን እንደሆነ የሚነገረው ሰው የለም፤ የ1966ቱም የ1977ቱም ዓ.ም. ድርቅ በዚህ ምድር አልፏል። የሰማንያው ውል የቆመባቸው ነገሮች ማለትም በሬው፣ እህሉና ዋሱ፣ በአንድ ክፉ ዓመት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ባልና ሚስት እርስ በርስ እንዲተያዩ የሚያደርጋቸው ከውሉ ውጪ ያለ ነገር ነው።

«አንችለውም» ለሚለው ቃል ትልቁ መልስ ግን እዚያው መንደሩ ውስጥ አለ። የዋግ የገጠር ቄስ ገበሬ ነው። እንደ ጎረቤቱ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ዝናብ ሲቀር ይራባል። ከቅስናው በፊት፣ ገና በዲቁናው ሳለ፣ ጢሙ ሳያቀመቅም በቁርባን አግብቷል። ሰሞነኛ ሲሆን ከቤቱ ተለይቶ ቤተ ክርስቲያን ያድራል፤ ተራው ሲያልቅ ወደ ሚስቱና ወደ እርሻው ይመለሳል። የሃያ ዓመት ጎልማሳ ቆርቦ በትዳር መኖር ከቻለ፣ አጥር የሚዋሰነው የሃያ ዓመት ጎልማሳ የማይችልበት የተፈጥሮ ምክንያት የለም። ክህነቱን ላለማጣት ነው የሚጸናው የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነትም ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ያገባ ቄስ ክህነቱ ይፈርሳል። ፍርሃቱ ግን ለምን መንገዱን እንዳልለቀቀ እንጂ በምን እንደተመላለሰበት አያስረዳም። የሚመላለስበት በጾሙ፣ በንስሐው፣ በቁርባኑ ዘወትር እየተደገፈ ነው። ምእመኑ ግን ያንኑ ሸክም ያለ ድጋፉ ልሸከም ብሎ፣ መሸከም ስላቃተው ድጋፉ አይገባኝም አለ። መድኃኒቱን እስኪድን ድረስ የማይነካ በሽተኛ እንደማለት ነው።

ይህን ክርክር የሚቃወሙ ከባድ ነገሮች አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ሳይገባው የሚቀበል ሰው ፍርድን እንደሚቀበል አስጠንቅቋል፤ ሕዝቡ የፈራው ይህን ነው፤ ፍርሃቱም ከድፍረት ይሻላል። ነገር ግን ጳውሎስ ሰው ራሱን መርምሮ እንዲቀርብ እንጂ መርምሮ እንዲቀር አላዘዘም፤ መመርመሪያውም ንስሐ ነው፤ በዋግ ደግሞ የንስሐ አባት የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ያዕቆብ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ይላል የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ጾምና ስግደት የሌለበት የኦርቶዶክስ ሕይወት የለም። ሥራው ግን የእምነቱ ፍሬ ነው፤ የመግቢያ ዋጋ ተደርጎ ሲቆጠር ሰውን ወይ ትዕቢተኛ ያደርገዋል፣ ወይ ተስፋ ያስቆርጠዋል። በዋግ ያመዘነው ሁለተኛው ነው። ሕፃኑ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ተጠምቆ ሲቆርብ ያቀረበው ሥራ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አይከለክለውም።

ከሁሉም የሚከብደው የሴቶች ጉዳይ ነው። በሰማንያ ያገባች ሴት በደል ሲደርስባት ሽማግሌ ጠርታ፣ ድርሻዋን ተካፍላ መውጣት ትችላለች፤ የደጋው ሴቶች ለዘመናት የነበራቸው ይህ መብት በብዙ የዓለም ክፍል አልነበረም። የማይፈርስ ጋብቻ በክፉ ባል እጅ ሲወድቅ እስር ቤት ይሆናል። ይህን መካድ አይገባም፤ ማንም ሚስቱን እየደበደበ ቁርባኑን ጋሻ ሊያደርገው አይችልም። ፍትሐ ነገሥትም ቢሆን መለያየትን ፈጽሞ የዘጋ አይደለም፤ ለዝሙትና ሕይወትን ለሚያሰጋ ነገር በር ትቷል። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ለዲያቆን የምትታጨው ድንግል መሆን ስላለባት፣ ወላጆች ነገሩን በራሳቸው እጅ ዋስትና ሊሰጡት ሲሉ ገና ልጅ የሆነችውን ዳሩ። የተክሊሉን ንጽሕና ለማስጠበቅ ተብሎ ሕፃንነት ተሠዋ። በእምነት ስም የተደረገው ይህ ነገር የእምነት እጦት ነው፤ እግዚአብሔር የሚጠብቀውን ሰው በልጅ ጉዳት ሊያስጠብቀው ሞከረ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና የአማራ ክልል የ1995ቱ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ማድረጋቸው ለቤተ ክርስቲያን ስድብ አይደለም፤ ፈቅዳ የምትቆም ሙሽራን ለሚጠይቀው ለራሷ ሥርዓት ይረዳል።

ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንደ ማኅበረ ቅዱሳን ያሉ ማኅበራት የዩኒቨርሲቲውን ወጣት ሲያስተምሩ፣ በከተሞች በተክሊል የሚያገባው ወጣት በዝቷል። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም ተክሊሉ የንጽሕና ማሳያና የሠርግ ቪዲዮ ማድመቂያ ከሆነ፣ የድሮው ስሕተት በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ያኔ ሽማግሌው በስተእርጅናው የሚቀበለውን የምስክር ወረቀት ወጣቱ በሃያ አምስት ዓመቱ ተቀበለው እንጂ ትርጉሙ አልተለወጠም። ይልቅ ትኩረት የሚሹት በሰቆጣ፣ በአምደወርቅና በየገጠሩ በሰማንያ ተጋብተው ዛሬ በችግሩ መካከል ያሉት ናቸው፤ ጦርነት ያፈናቀላቸው፣ ልጅ የሚያስተምሩ፣ ተጣልተው የሚታረቁ። ቤተ ክርስቲያን ለእነርሱ ያለ አክሊል የሚፈጸም የራሱ የንስሐ ጸሎትና ሥርዓት አላት። የሚጠየቁት ከንስሐ አባታቸው ጋር መነጋገር፣ የታዘዘላቸውን ቀኖና መፈጸም፣ በአንድ ጠዋትም አብረው መቅረብ ነው። የንስሐ አባቶች ይህን ነገር በየቤቱ ራሳቸው ማንሳት ይኖርባቸዋል፤ ሰውየው ራሱ እስኪጠይቅ ከተጠበቀ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት አይጠይቅም።