መርካቶ የጣለው ወዴት ይሄዳል?

መርካቶ ውስጥ የሚጣል ነገር ያለ አይመስልም። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ሁሉ ምናለሽ ተራ ይገባና ቆርቆሮው ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ ሆኖ ይወጣል። ምናለሽ ተራ የማይቀበለው የሚበሰብሰውን ነው። የጫት ገረባው፣ የጎመን ቅጠሉ፣ የሙዝ ልጣጩ ተጠርጎ ገንዳ ውስጥ ይጣላል። ከዚያስ?

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ዛሬ ካለበት ሲሰፍር አዲስ አበባ ገና ትንሽ ነበረች። እየሰፋች ስትሄድ ለጥራጊዋ ቦታ አስፈለጋትና በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ዳርቻዋ፣ ረጲ ላይ፣ መጣያ ተከፈተ። ሕዝቡም «ቆሼ» አለው። ከጊዜ በኋላ ዳርቻው ከተማ፣ ቆሻሻውም ተራራ ሆነ።

ለመሆኑ የተቀበረ ገረባ ምን ይሆናል? መበስበስ ማለት በዓይን በማይታዩ ባክቴሪያዎች መበላት ነው። ኦክሲጅን ካገኙ ቶሎ ይጨርሱታል፤ ካርቦኑም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በውቅያኖስ የሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት እንደ ብናኝ ወደ ጥልቁ ሲሰምጡ የሚደርስባቸው ይኸው ነው። አብዛኛው በመንገድ ላይ ያልቃል፤ ከባሕሩ ወለል ደርሶ ተቀብሮ የሚቀረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

አየር በታፈነበት ቦታ ግን ሌሎች ተሕዋስያን ይተካሉ። ሥራቸው አዝጋሚ ነው፤ የሚለቁትም ሜቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 ከማጆሬ ሐይቅ ዳር ጭቃ ውስጥ ሲፍለቀለቅ ያገኘው ይህንኑ ነበር። የቆሻሻ ክምር ሆድም እንዲሁ ነው። ሜቴን ያምቃል፣ ይግላል፣ ይጨሳል፤ እየበሰበሰም ይሰምጣል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ቁልቁለቱ ይላላል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሼ ክምር ተናደ። በሥሩ ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። በክምሩም ላይ የጃፓኑ ፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ የቀየሰው ዘዴ ተሠራበት፤ ባለ ቀዳዳ ቧንቧዎች ተዘርግተው ፈሳሹን ያወጣሉ፣ አየር ያስገባሉ።

ይህ ሁሉ ግን የመጣው ቆሻሻው ከተከመረ በኋላ ነው። ገረባና ልጣጭ ከመነሻው ተለይቶ አየር እያገኘ ቢበሰብስ ለአትክልት የሚሆን ማዳበሪያ ይወጣዋል። ቆርቆሮን ከጎማ ሲለይ ለኖረው ለመርካቶ ሰው ይህ አዲስ ሙያ አይደለም።