የነርስ እንክብካቤ ውጤት ልኬት

የነርሶች ሥራ በሆስፒታል ታካሚው ላይ ያመጣውን ለውጥ በቁጥር የመከታተል አሠራር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የክሪሚያ ጦርነት ሟቾችን በሞታቸው ምክንያት ለይታ፣ ከቁስል ይልቅ በሽታ ብዙ ወታደር እንደፈጀ በ1858 እ.ኤ.አ. በሥዕል አሳይታለች። ዛሬ በብዛት የሚለኩት የታካሚ መውደቅ፣ የአልጋ ቁስልና በካቴተር ሳቢያ የሚመጣ ኢንፌክሽን ናቸው። መውደቅ የሚሰላው በ1,000 የታካሚ ቀናት ነው፤ አለዚያ ትልቁን ክፍል ከትንሹ ማወዳደር አይቻልም። የሠራተኛ ቁጥርም አብሮ ይታያል። በፔንሲልቫኒያ 168 ሆስፒታሎችን ያካተተው የሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ ጥናት (2002 እ.ኤ.አ.)፣ አንድ ነርስ የምትይዘው ታካሚ በአንድ በጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ልኬቱ እንከን አለው፤ መውደቅን በሐቀኝነት የሚመዘግብ ክፍል ከሚደብቀው የባሰ መስሎ ይታያል።