በለጠ የድንች ዝርያ፦ ለጓሮና ለአነስተኛ ማሳ ያለው ጠባይና የዘሩ አያያዝ

በጎንደር ከተማ ዙሪያ እንዲሁም በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋማ አካባቢዎች ድንች የጓሮም የማሳም ሰብል ነው። በክረምቱ መግቢያ የተተከለ ድንች ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ ከመግባቱ በፊት ስለሚደርስ፣ የቤት ውስጥ እህል በሚመናመንበት ወቅት ለቤተሰቡ ምግብም ለገበያ የሚወጣ ምርትም ይሆናል። በመሆኑም የሚተከለው ዝርያ ዓይነትና የዘሩ ጤንነት የቤተሰቡን የወራት ቀለብ የሚወስን ጉዳይ ነው።

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ይኖር በነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይታወቃል። የተደራጀ የድንች ምርምር የተጀመረው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከዚያ ወዲህ ከተለቀቁት ዝርያዎች መካከል የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዘንገናና ጓሳ፣ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ይገኙበታል። በለጠ መነሻው ዋና መሥሪያ ቤቱ ፔሩ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ምርምር ማዕከል ሲሆን፣ ለአርሶ አደሩ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

በለጠ ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 600 እስከ 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ባላቸውና በዓመት ከ750 እስከ 1 ሺህ ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኙ አካባቢዎች እንዲመረት የተመከረ ዝርያ ነው። ቆዳውም ሥጋውም ነጭ ሲሆን ለመድረስ አራት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ለቅቅልም፣ ለወጥም፣ ለጥብስም ይውላል።

ዝርያው በምርምር ጣቢያ በሄክታር እስከ 470 ኩንታል፣ በአርሶ አደር ማሳ ላይ ደግሞ ከ280 ኩንታል በላይ ምርት እንደሰጠ ተመዝግቧል። በአንጻሩ በዝርያው መለቀቅ ማግስት በነበሩት ዓመታት በአገር አቀፍ ደረጃ ከአንድ ሄክታር የተገኘው አማካይ የድንች ምርት ከ150 ኩንታል በታች ነበር። ለዚህ ልዩነት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው የዘሩ ጥራት ነው። ድንች የሚራባው በራሱ በድንቹ በመሆኑ እናቲቱ ተክል የያዘችው በሽታ ሁሉ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሸጋገራል። በለጠ የሚል ስም ይዞ ለምግብ ከሚሸጥ ክምር የተገዛ ዘር የበለጠን ምርት ላይሰጥ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዘር ወለድ በሽታዎች ይበልጥ አስጊው በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውልግ ነው። ተክሉ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ በድንገት ይጠወልጋል። የተጠረጠረው ተክል ግንድ ተቆርጦ ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሲነከር ወተት የመሰለ ክር ከወጣ የበሽታው ምልክት ነው። ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ስለሚቆይና የሚፈውሰው መድኃኒት ስለሌለ የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ከማሳው መራቅ፣ በቦታውም ላይ ለተከታታይ ዓመታት ድንች፣ ቲማቲምም ሆነ በርበሬ አለመተከል ይኖርበታል።

በለጠ ሲለቀቅ ሌት ብላይት የተባለውን ቅጠልና ግንድ የሚያደርቅ የክረምት በሽታ በመቋቋሙ የተመረጠ ቢሆንም፣ የበሽታው አምጪ ጠባዩን ስለሚለዋውጥ ክትትል ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ላለቀበት ረሀብ መነሻ የሆነው ይኸው በሽታ ሲሆን፣ ድሆቹ ገበሬዎች በአብዛኛው በአንድ ዝርያ ላይ መመሥረታቸው ጉዳቱን አክፍቶታል። በለጠን ከጉደኔ ወይም ከሌላ ዝርያ ጋር በየመደቡ ለይቶ መትከል ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት ነው።

በአተካከል ረገድ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይመከራል። በዚህ ስሌት 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ጓሮ 440 ያህል ተክሎችን የሚይዝ ሲሆን፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ዘር ድንች 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃዋል። ከአረም ጋር እየኮተኮቱ ለተክሉ አፈር ማስታቀፍ ድንቹ ፀሐይ እንዳያገኘው ያደርጋል። ምርቱ ከመቆፈሩ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ግንዱን ማጨድ ደግሞ ቆዳው እንዲጠነክር ይረዳል።

ለቀጣዩ ዓመት የሚሆነው ዘር የሚመረጠው ከተቆፈረ በኋላ ሳይሆን ተክሉ ለምለም እያለ ነው። ጤናማዎቹ በእንጨት ምልክት ይደረግባቸውና ምርታቸው ለብቻ ይቆፈራል። ዘሩ ቀጥተኛ ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው፣ ነገር ግን ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት የእንጨት ቆጥ ላይ ሳሳ ተደርጎ ሲቀመጥ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። በጨለማ የተከማቸ ዘር ግን ረጅምና በቀላሉ የሚሰበር ነጭ ቡቃያ ያበቅላል። በብርሃን የቆየ ዘር አረንጓዴ መሆኑ ለተከላ አይጎዳውም፤ ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ግን ለምግብ መዋል የለበትም። ለገበታ የሚውለው ድንች በአንጻሩ በጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጣል።

በለጠን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተክል አርሶ አደር ወይም የከተማ ነዋሪ ዘሩን ከታወቀ አባዢ መግዛቱና የሚተክልበት መሬት ቀደም ባሉት ዓመታት አጠውልግ ያልታየበት መሆኑን ማረጋገጡ ከዝርያው የሚጠበቀውን ምርት ለማግኘት ያስችለዋል።