ሸቀጡን ለዐይን ያቀረበ ሰው፦ ከአልዩ አምባ ገበያ እስከ ኤግዚቢሽን አዳራሽ

የአንድ አገር ሀብት በመዝገብ ተጽፎ ከመቀመጡና በጉባኤ ላይ በቍጥር ከመነገሩ አስቀድሞ በገበያ ሜዳ ተዘርግቶ ለሕዝብ ዐይን ይታይ ነበር፤ የየአውራጃው ሰው ከምድሩ የበቀለውን፣ በእጁ የሠራውንና በአጋሰስ ጭኖ ያመጣውን ሁሉ በታወቀ ቀንና በታወቀ ስፍራ አቅርቦ አገሩ ምን እንደምታፈራ ይመሰክር ነበርና። ዛሬ የአንድ ክልል የልማት ጉባኤ በተጠራ ጊዜ በአዳራሹ ዙሪያ ድንኳን ተክሎ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ማሩን፣ ቡናውን፣ ቅመሙንና ጥበቡን በየመልኩ ደርድሮ የሚቆመውን ሰው ብዙዎች ከባሕር ማዶ የመጣ የአዲስ ዘመን ልማድ አድርገው ይመለከቱታል። እርግጥ ነው፣ አዳራሹም ስያሜውም አዲስ ነው፤ ሥራው ግን ጥንታዊ ነው፤ የትውልዱንም ሐረግ ለመከተል የሚሻ ሰው ከአንኮበር ቍልቍለት ወርዶ ወደ አልዩ አምባ ቢመለከት የሚፈልገውን ያገኛል።

አልዩ አምባ ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ፣ የሸዋ ደጋ ወደ በረሃው መውረድ በሚጀምርበት በይፋት ተዳፋት ላይ የተመሠረተች ከተማ ስትሆን፣ በ1840 ዓ.ም. ባረፉት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ደጋውን ከቈላው፣ ክርስቲያኑን ከእስላሙ፣ የመካከሉን አገር ከባሕሩ ዳርቻ የምታገናኝ ደጃፍ ነበረች። ከነዋሪዎቿ የሚበዙት በሽመናና በንግድ ስማቸው የተጠራ አርጎባዎች ነበሩ፤ በመካከላቸውም ከሐረር፣ ከአውሳና ከታጁራ የመጡ ነጋድያን ይኖሩ ነበር። ከታጁራ የተነሣው የአፋሮች ሲራራ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ፣ ብዙ ሳምንት በሐሩርና በውሃ ጥም ከተጓዘ በኋላ ከተራራው ግርጌ ከፋሬ ይደርሳል፤ ግመል ዳገቱን ስለማይችለው ሸክሙ በዚያ ይራገፍና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ወደ ላይ ይወጣል፤ የንጉሡም ሹም በዚያው በር ላይ ሆኖ የገባውን ዕቃ ይመለከታል፣ ቀረጡንም ይቀበላል።

የገበያው ቀን ዐርብ ነበር። በዚያ ቀን ከባሕር የመጣው ባለ ቀለም ጨርቅ፣ ዶቃው፣ መዳቡና ቅመሙ በአንድ ወገን፣ ከሸዋ ደጋ የወረደው እህል፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ በቅሎውና በእጅ የተፈተለው ሸማ በሌላ ወገን ይቆማል፤ ከሩቅ ደቡብና ምዕራብ በብዙ እጅ ተላልፎ የደረሰው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ደግሞ ዋጋውን በሚያውቅ ገዢ ፊት በጥንቃቄ ይገለጣል። የዚህ ገበያ ዝና ባሕር ተሻግሮ ስለ ነበር የእንግሊዝ መንግሥት ካፒቴን ሀሪስን ልኮ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በበኩሉ በአገሩ ስም ተመሳሳይ ውል ፈጸመ። በዚያው ወራት እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን በአልዩ አምባ ተቀምጦ የከተማዪቱን ኑሮ እየተመለከተ ጽፏል። መልክተኞቹ የመጡት ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ብለው አይደለም፤ በዚያች ከተማ ሜዳ ላይ በየዐርቡ የሚዘረጋው ሸቀጥ ከበስተ ኋላዋ ያለውን ሰፊ አገር ሀብት ስለሚገልጥላቸው ነው።

የዋጋውን አከፋፈል ቀርቦ ለተመለከተ ሰው የገበያው ጥበብ ይበልጥ ይገለጥለታል። መገበያያው በአንድ በኩል አሞሌ፣ በሌላ በኩል ጠገራ ብር ነበር። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቈርጦ፣ በአርሆ ነጋዴዎች ወደ ትግራይ ደጋ ወጥቶ፣ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ደቡብ የሚወርድ፣ ቅርጹ የቢላዋ መሳያ ድንጋይ የመሰለ፣ ርዝመቱ ስንዝር የሚያህል የጨው ዘንግ ነው። እንዳይሰበር ዙሪያው በልጥ ይታሰራል፤ ተቀባዩም ጫፍና ጫፉን በጣቱ እየዳሰሰ የጐደለ ወይም የተሸረፈ ከሆነ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ዝናብም እንዳያሟሟው ባለቤቱ ዘወትር ይሠጋል። ከጨው ምድር በራቀ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ አሞሌ ጭኖ ወደ ደቡብ የሚወርድ ነጋዴ ገንዘብ ተሸካሚም ሸቀጥ ተሸካሚም ነበር። ጠገራው ብር ደግሞ በላዩ የኦስትርያዪቱ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የታተመበት፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ የሆነ ብር ሲሆን፣ ገበሬው ከመቀበሉ በፊት ወደ ፀሐይ አዙሮ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ ተፍቆ የደበዘዘ ወይም ነጠብጣቡ የጐደለ ከሆነ ብሩ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ይመልሰዋል። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው በገበያው ላይ የሚመካው በዐይኑ ብቻ አልነበረም፤ ከዐይኑ ባሻገር ደላላ፣ ዋስና የገበያ ዳኛ ነበሩት። ሸማው በክንድ፣ እህሉ በቁና ሲለካ የአንዱ ክንድ ከአንዱ ስለሚበልጥ፣ የአንዱም ቁና ከአንዱ ስለሚጐድል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩን በቦታው የሚቈርጥ ሰው የሌለበት ገበያ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት አይደርስም።

በጎጃም በኩል ይህንኑ አገልግሎት የሚሰጠው ከዐባይ መሻገሪያ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ነው። ከጎንደር፣ ከደሪጣና ከዐድዋ የወረዱ ነጋድያን አሞሌውን፣ ጨርቁንና ዶቃውን ይዘው በዚያ ይገኛሉ፤ ከዐባይ ማዶ ከእናርያና ከጊቤ አገሮች የመጡትም ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ወርቁንና ዝባዱን ይዘው ይገናኟቸዋል። ዝባዱ ከጥርኝ ተወስዶ በከብት ቀንድ ታሽጎ የሚመጣ ሽቱ ስለሆነ፣ በቅቤ ተደባልቆ እንዳይሆን ገዢው የቀንዱን ክዳን አስከፍቶ በጣቱ ነካ እያደረገ ያሸተዋል። ሻጩና ገዢው በቋንቋም በሃይማኖትም ሊለያዩ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን አንደኛው ክዳኑን እንዲከፍት፣ ሁለተኛው ጣቱን እንዲያገባ የተፈቀደበት ሥርዐት አንድ ቋንቋ ሆኖ አስማማቸው። በዘመነ መሳፍንት መንገዱ በወንበዴና በየኬላው ቀረጥ የተጨነቀ ስለ ነበር ነጋድያን ተሰብስበው በአንድ ነጋድራስ መሪነት ይጓዙ ነበር፤ ነጋድራሱም ከየአገሩ ገዢ ጋር እየተነጋገረ ለጓደኞቹ ማለፊያ ያስገኛል፣ በመካከላቸው ጠብ ሲነሣም ያስታርቃል።

የዚህን ታሪክ ብርሃን ብቻ አንሥቶ ጨለማውን መተው ግን ርትዕ አይሆንም። በአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በተባለው ስፍራ፣ በባሶም ገበያ፣ ሰው እንደ ሸቀጥ ቆሞ ጥርሱ እየታየ ይሸጥ ነበር። ያ የዝሆን ጥርስና ያ ቡና የመጡበት መንገድ ከቤታቸው የተነጠቁ ልጆች እንባ የፈሰሰበት መንገድ ነው። በየዘመኑ የተነሡ ነገሥታት የባሪያን ንግድ በዐዋጅ ቢከለክሉም ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጥንታዊውን ገበያ የምናከብር ሰዎች፣ ሰውን ከዕቃ ያልለየውን ዘመን ከነበደሉ እያስታወስን ልናከብረው ይገባናል።

ሰውን ከሸቀጥ አለመለየት በሌላም መልክ ይገለጥ ነበር። በየገበያው ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ እንስራውን፣ ምጣዱንና የብሩን መስቀል ሁሉ ሰው ተሻምቶ ይገዛል፤ የሠራቸውን ባለ እጅ ግን «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ»፣ «ቡዳ» እያለ ይሰድበዋል፣ ከማኅበሩም ያርቀዋል። ዕቃው በአደባባይ ሲመሰገን ሠሪው ከገበያው ጥግ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክለውን ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማስነገራቸው ጕዳቱ ምን ያህል እንደ ነበር ያስረዳል፤ ያ ዐዋጅ የአገሪቱ ሀብት የሚጸናው የሚሠራው እጅ ሲከበር መሆኑን የተረዳ መንግሥት ቃል ነው።

አልዩ አምባ ክብሯን ያጣችው ሸቀጥ ጠፍቶ ሳይሆን መንገድ ተለውጦባት ነው። በ1879 ዓ.ም. ሐረር ወደ ምኒልክ ግዛት በገባች ጊዜ፣ መናገሻውም ከአንኮበር ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ በተዛወረ ጊዜ የንግዱ ፍሰት ወደ ደቡብ አዘነበለ፤ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የታጁራው የግመል መንገድ እየመነመነ ሄደ። በአዲስ አበባ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ የዐርቡን ክብር ወርሶ ቅዳሜ ቅዳሜ የየጠቅላይ ግዛቱን ፍሬ ይሰበስብ ጀመር፤ ነጋድራስ የሚለውም ማዕርግ የሲራራ መሪነቱ ቀርቶ የቀረጥና የንግድ ዳኝነት ሹመት ሆነ። ይህን ሹመት ከያዙት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ዕውቀት እየለወጠ እንደሚደኸይ አስረድተዋል። ነጋድራሱ በጕምሩክ በር ቆመው የሚወጣውን ቡናና ቆዳ፣ የሚገባውንም አቡጀዲ ያዩ ሰው ስለ ነበሩ ቃላቸው ከወረቀት ብቻ የተገኘ አልነበረም።

በጣልያን ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደርጎ መርካቶ ተመሠረተ። ቦታው ቢለወጥም ሸቀጥን በየወገኑ ለይቶ የማስቀመጡ ልማድ አልተለወጠም፤ ሸማ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ እህል በረንዳ እያለ የሚሄደው ገዢ፣ በአልዩ አምባ ጨውን ከሸማ፣ ሸማን ከእህል የለየውን ሥርዐት ሳያውቀው ይከተላል። ከነፃነት በኋላ በ1939 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የንግድ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ነጋዴውም ከሲራራው ማኅበር ወደ ሕጋዊ ማኅበር ተሸጋገረ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር በአዲስ አበባ ታላቅ የኢዮቤልዩ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ በ1959 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሞንትሪያል በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የራሷን ድንኳን ተከለች፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአሥመራ ኤክስፖ ተዘጋጀ። በእነዚህ ስፍራዎች የተደረገው ለውጥ ቀላል አይደለም፤ በጥንቱ ገበያ ሰው ያመጣውን ሁሉ ሸጦ ባዶ አጋሰሱን እየነዳ ሲመለስ፣ በኤግዚቢሽን ግን የሚቀርበው ናሙና ነው፤ ሻጩም የሚጠብቀው የዕለቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ሠሪው ራሱ ተገኝቶ ስለ ሥራው መናገር፣ የገዢውን ጥያቄ መስማት፣ ጕድለቱን ማረም ይችላል።

እኔ የኤግዚቢሽንን ታላቅ ጥቅም የማየው በዚህ ላይ ነው። ጥንታዊው ገበያ ሸቀጡን እያሳየ ሠሪውን ሸሸገ፤ የቡናው ለቃሚ፣ የሸማው ሸማኔ፣ የእንስራው ሠሪ በብዙ ነጋዴ እጅ ተሸፍነው ስማቸው ሳይታወቅ ቀረ። የልማት ጉባኤ ኤግዚቢሽን ግን በትክክል ከተዘጋጀ ሸማኔዋን ከጥበቧ አጠገብ፣ ገበሬውን ከማሩ አጠገብ አቁሞ በስማቸው ሊያስጠራቸው ይችላል። ይህ ካልሆነ፣ ድንኳኑን ሁሉ ሀብታም አስመጪዎች ይዘውት የአገሬው ባለ እጅ በበር ላይ ተመልካች ሆኖ ከቀረ፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የተከራከሩበት ክፉ ልውውጥ በጌጥ ተሸፍኖ ተመለሰ ማለት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጉባኤ የሚያዘጋጁ ሹማምንትና ማኅበራት ከጥንታውያኑ ገበያዎች ሦስት ነገር ይማሩ ዘንድ ይገባል። የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ፋሬ ላይ ሸክም የሚያነሣ እጅ ባይኖር የታጁራው ሲራራ ከንቱ በሆነ ነበርና፣ ዛሬም ከሩቅ ወረዳ የሚመጣው ሠሪ የመጓጓዣውና የማደሪያው ወጪ ሊታሰብለት ይገባል። ሁለተኛው ሚዛንና ፍርድ ነው፤ የታዘዘው ዕቃ ሳይደርስ ወይም ዋጋው ሳይከፈል ሲቀር ሠሪው የሚከስበትና ፈጥኖ የሚፈረድለት ስፍራ ከሌለ ጥሩ ናሙና ማሳየት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ሦስተኛው ጥንታውያን ራሳቸው የጐደላቸውና እኛ ልንሞላው የሚገባን የሠሪው ክብር ነው፤ የጉባኤውም ሥራ የሚመዘነው በተነገረው ንግግርና በተቈረጠው ሪባን ሳይሆን፣ ከዚያ ስፍራ ስንት ሠሪ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ደንበኛ አግኝቶ፣ በሙያው ኰርቶ ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ በመቍጠር ነው።