የመድኃኒት ጉርሻ ለሕሙም ውሻ

የመድኃኒት ጉርሻ፣ ውሻ ሽታውን ወይም መራራነቱን ጠልቶ የሚተፋውን እንክብል ሳያውቀው እንዲውጠው፣ በቤት ውስጥ ከዱቄት፣ ከበሰለ ሥጋ፣ ከኦቾሎኒ ቅቤ ወይም ይህን ከመሰለ ጥዑም ነገር ተለውሶ፣ መካከሉ ተቦርቡሮ የሚዘጋጅ ትንሽ ድብልብል ምግብ ነው። በፋብሪካ የተሠራው ዓይነት በብዙ አገር ይሸጣል፤ ሆኖም ልዩ ልዩ ሕመም ላለበት እንስሳ በቤት የሚሠራው ይመረጣል፤ የሚያበላው ሰው ምን እንደገባበት ያውቃልና።

ውሻ በጣዕም ረገድ ከሰው የደከመ ፍጥረት ነው፤ የሰው አፍ 9,000 ገደማ የጣዕም እምቡጦች ሲኖሩት የውሻው 1,700 ገደማ ብቻ ናቸው። ነገር ግን የማሽተት ኃይሉ ከሰው እጅግ የላቀ ስለሆነ፣ እንክብሉን ምላሱ ሳይነካው አስቀድሞ በአፍንጫው ይለየዋል። መራራነትንም ቢሆን አይስተውም፤ ለሆድ ዕቃ ተሕዋስያን የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ወይም ለኮሶ ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል በአፉ ውስጥ መሟሟት የጀመረ እንደሆነ፣ ምራቁን እያዝረበረበ ይተፋዋል፤ ከዚያም በኋላ የሚሰጠውን ሁሉ ይጠራጠራል። በአንጻሩ ለስላሳና ትንሽ የሆነውን ነገር ሳያኝክ መዋጥ ጠባዩ ነው። የጉርሻው ጥበብ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም መዓዛው የመድኃኒቱን ሽታ የሚሸፍን፣ መጠኑም ማኘክን የማያስፈልግ እንዲሆን ነው።

መድኃኒትን በምግብ ሸሽጎ ለእንስሳ ማብላት ለቤት ውሻ ብቻ የተወሰነ ጥበብ እንዳይመስል፣ የዱር አራዊትም የዳኑበት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊስ አገር በሮን ሸለቆ የቀበሮዎችን የእብድ ውሻ በሽታ ለመግታት ክትባቱ በዶሮ ራስ ውስጥ ተደርጎ በየዱሩ ተበተነ፤ በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በባሌ ተራሮች ለቀይ ቀበሮ ይኸው ዓይነት ክትባት በፍየል ሥጋ ተሸሽጎ ቀርቦለታል።

ከአሠራሮቹ ቀላሉ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤና አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም ውኃ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ለውሶ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን በትንንሹ ማድቦልቦልና መካከሉን በቀጭን እንጨት መቦርቦር ነው። በማቀዝቀዣ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ በበረዶ ቤት ደግሞ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይቆያል። ጥሬ ዱቄት ጎጂ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችል፣ ገብሱ ተቆልቶ የሚፈጨው በሶ ከስንዴው ዱቄት ይልቅ ለዚህ ሥራ የተገባ ነው፤ በጾም ወራት ሥጋና ወተት በማይገባበት ቤት እንኳ በሶና ኦቾሎኒ አይታጡም። ያለ ጨው ተቀቅሎ የተፈጨ ጉበት በመዓዛው ከሁሉ ይበልጣል። እንክብሉ ግን በሚሰጥበት ሰዓት ይገባል እንጂ ከሊጡ ጋር አይጋገርም፤ ሙቀት የብዙ መድኃኒት ኃይል ያጠፋልና።

በጉርሻው ውስጥ የማይገባውን ማወቅ የሚገባውን ከማወቅ ይቀድማል። በአንዳንድ የኦቾሎኒ ቅቤ በስኳር ፋንታ የሚጨመረው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ሰውን የማይጎዳ ሲሆን፣ በውሻ ሰውነት ግን ኢንሱሊንን በድንገት አፍልቆ የደሙን ስኳር እስከ መንቀጥቀጥና ራስን እስከ መሳት ያወርዳል፤ ጉበቱንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መግዛት አይገባም። ቸኮላታ፣ ወይንና ዘቢብም የተከለከሉ ናቸው። በእኛ ማእድ ቤት የሚፈራው ስሕተት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀረበ ነው፤ እንክብሉን በወጥ በተነከረ እንጀራ ጠቅልሎ መስጠት ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታሰበው መንገድ ቢሆንም፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርሱ፣ ቢበስሉም ጉዳታቸው የማይለቃቸው ስለሆኑ፣ ወጥም ሆነ በሽንኩርት የተነጠረ ቅቤ ለዚህ ተግባር አይውልም።

ምግቡ ለውሻው መልካም ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን የሚቃወምበት ጊዜም አለ። ቴትራሳይክሊንና ኤንሮፍሎክሳሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ በወተትና በአይብ ያለው ካልሲየም ስለሚይዛቸው፣ ከእነዚህ ጋር ሲሰጡ ወደ ደም የሚገባው መጠናቸው ይቀንሳል። ሱክራልፌትን የመሰሉት በባዶ ሆድ የሚሰጡ ናቸው፤ በጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሙ የተሸፈኑ ወይም ቀስ በቀስ ኃይላቸውን እንዲለቁ የተሠሩ እንክብሎችም ተፈጭተው አይሰጡም። የቆሽት ሕመም ላለበት ውሻ ቅባት የበዛበት፣ ልቡ ለደከመም ጨው ያለበት ጉርሻ ይጎዳዋል። ስለሆነም መድኃኒቱን ያዘዘውን የእንስሳት ሐኪም ከምን ምግብ ጋር እንደሚሰጥ መጠየቅ የማይታለፍ ግዴታ ነው።

ሲሰጥ ሦስት ጉርሻ ይዘጋጃል፤ የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው እንክብሉን የያዘ፣ ሦስተኛው ደግሞ ባዶ ነው። ውሻው በመጀመሪያው ታምኖ፣ ሦስተኛውን እያየ ሁለተኛውን ሳያጣጥም ይውጠዋል፤ የኋለኛውም ጉርሻ፣ በጉሮሮ ተጣብቆ ሲቀር የሚያቆስለውን እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ እንክብል ወደ ሆድ ይገፋዋል። እንክብሉን የነካች እጅ የጉርሻውን ውጭ እንዳትነካ፣ በአንዱ እጅ መድኃኒቱን፣ በሌላው ሊጡን መያዝ ይገባል። በቤቱ ሌሎች ውሾች ቢኖሩ ይለያሉ። መድኃኒቱን በሙሉ ሳህን ምግብ ውስጥ መበተን ግን ክፉ ልማድ ነው፤ ምን ያህሉን እንደ በላ አይታወቅም፣ ሕመምተኛውም ሳህኑን ማመን ከተወ ምግቡን ጭምር ይተዋል። አፉን ከፍቶ እንክብሉን በምላሱ ላይ ወደ ጉሮሮው አስጠግቶ ማኖር፣ ንክሻና ትንታ ስለሚያስከትል፣ ጉርሻው ሁሉ እንቢ ሲባል ብቻ የሚደረግ የመጨረሻ መንገድ ነው። ከትውከት ጋር በወጣ እንክብል ፋንታ ሌላ ከመስጠት በፊት፣ መጠኑ እጥፍ እንዳይሆን ሐኪሙ ይጠየቃል።