መኮንን ለመሆን መሰናዳት፦ ከሆለታ ገነት እስከ ደብረ ገነት

በዚህ አገር ልጆቻችን 18 ዓመት ሲሞላቸው ወደ ጦር ይጠራሉ። ከእነሱም ውስጥ ከተራ ወታደርነት አልፈው መኮንን ለመሆን የሚያስቡ አሉ። ሲሰናዱ አያቸዋለሁ። ጎህ ሳይቀድ በኢትዮጵያ ጎዳና፣ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ጥግ፣ ሽቅብ ይሮጣሉ፤ ከባድ ቦርሳ አዝለው ቁልቁል ይመለሳሉ። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ሩጫው ደቂቃና ስለ ክንዳቸው ጡንቻ ነው። ደግ ነው፣ እኔም አልነቅፍም። ነገር ግን ከእነሱ በፊት የነበሩት ያገራቸው ልጆች እንዴት እንደተሰናዱ ቢያውቁ ዝግጅታቸው የተሟላ ይሆናል ብዬ ይህችን ጻፍኩ።

እኔ የጦር ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የተማርኩት በመንደር፣ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው፤ ፊደል ቆጠርኩ፣ ንባብ ለየሁ፣ ዳዊት ደገምኩ። ስለዚህ ነገሩን ከቃሉ ልጀምር። «መኮንን» የሚለው «ኰነነ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ገዛ፣ ፈረደ ማለት ነው። እንግዲህ መኮንን አስቀድሞ ፈራጅ ነው። መተኮስማ ተራው ወታደርም ይተኩሳል። መኮንኑ ግን ማን ይቅደም፣ ማን ይቅር፣ ማን ይብላ፣ ማን ይጠብቅ ብሎ ይፈርዳል። ይህ ካልተያዘ የሚቀጥለው ታሪክ አይገባም።

ድሮ ባገራችን የመኮንን ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። የሰው ልጅ በጌታ ቤት ያድጋል፤ ፈረስ ይገራል፣ ጉግስ ይጫወታል፣ ጦር መወርወር በጋሻ መመከት ይለምዳል፣ አደን ይወጣል። ሹመቱም ሥፍራውን ይናገራል፤ ግራዝማች የግራው፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ፊታውራሪ የፊቱ ነው። ክተት ሲታወጅ ደግሞ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከጓዳ ነው። ገብስ ተቆልቶ ለበሶ ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎ ይሰናዳል፣ ቋንጣ ይሰቀላል፣ እንጀራው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ይህ ሁሉ ባህያና በበቅሎ ይጫናል፤ የቀረውን ሴቶቹና ሎሌዎቹ ይሸከሙታል። በልጅነቴ በመንደራችን ማይጨው የዘመቱ ሽማግሌ ነበሩ። ስለ ጦርነት ሲጠየቁ ስለ ጥይት ብዙ አያወሩም ነበር። «ጀግናን የሚጥለው ስንቁ ነው» ይሉ ነበር።

እውነታቸውን ነው። የዓድዋን ዘመቻ እዩት። አፄ ምኒልክ ክተት ያወጁት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ ውጊያው የሆነው የካቲት 23 ቀን ነው። ከአምስት ወር በላይ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት ከሸዋ እስከ ትግራይ በእግሩ ሄዶ፣ በመጨረሻው ስንቁ ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር። ስንቅ ሲያልቅ ሸክሙ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? በገበሬው ላይ ነው። ወታደር ያለፈበት አገር ጎተራው ይራቆታል፣ በሬው ይታረዳል። በዚያ ዘመን ገበሬ የገዛ ወገኑን ጦር ሲያይ እንኳ ደስ አይለውም ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘመናዊ መኮንን የማሠልጠኑ ነገር ቀስ እያለ መጣ። ጥቂቶች ፈረንሳይ አገር ሳን ሲር ድረስ ተልከው ተማሩ። ቤልጅጎች መጥተው የክብር ዘበኛውን አሠለጠኑ፤ ያ የክብር ዘበኛ ዩኒፎርሙን አሳምሮ ለብሶ በባዶ እግሩ ይሰለፍ ነበር። በኋላ በጥር 1927 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሆለታ፣ አፄ ምኒልክ ባሠሩት በገነት ቤተ መንግሥት፣ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹ ከ100 ይበልጣሉ። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ስለነበር የተመረጡት ፈረንሳይኛ ከሚያውቁት፣ ከተፈሪ መኮንንና ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤቶች ነው። እንደኔ ያለው የዳዊት ተማሪ በዚያ በር አይገባም ነበር። መኮንን ለመሆን አስቀድሞ ቋንቋ ማወቅ ግድ የሆነው እንግዲህ ዛሬ አይደለም።

ትምህርት ቤቱ ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ወሰን ተሻግሮ ገባ። መጋቢት ላይ ማይጨው ላይ ሠራዊቱ ተፈታ። በሚያዝያ፣ ሰልፍና ካርታ ሲማሩ የነበሩት የሆለታ ልጆች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ወደ ጣርማበር ተላኩ፤ ያንን መተላለፊያ ዝጉ ተባሉ። በመኪና፣ በመድፍና ባውሮፕላን የሚመጣውን ጦር እፍኝ ልጆች ምን ያቆሙታል? አልቆመም። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ካዲስ አበባ በባቡር ወጡ፣ ሚያዝያ 27 ጣሊያን ከተማዋን ያዘ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ገነቶች ይገናኛሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 30 ከሃይፋ ወደብ ደርሰው ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። አፄ ዮሐንስ አስጀምረውት በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የኛው ደብረ ገነት ስደተኛ የሚጸልይበትና የሚያለቅስበት ሥፍራ ሆነ። በዚያው ሰሞን የሆለታ ገነት ልጆች ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነቀምቴ፣ ሄዱ። ሹመት የሚሰጣቸው የለም፣ ደመወዝ የለም፣ አስተማሪ የለም። እነሱና ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ተሰብስበው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊቀመንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጠሉ።

ሰዎች ስለ ጥቁር አንበሳ ሲያወሩ የአውሮፕላኑን ነገር ያነሣሉ። እኔን የሚደንቀኝ ግን ደንባቸው ነው። አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። ጦሩ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይጎዳ ወሰኑ። አስቡት እስቲ! አገር ፈርሷል፣ ንጉሥ ተሰዷል፣ ረኃብ አለ። ገና ጢማቸው ያላቀመቀመ ልጆች፣ ትምህርታቸው እኩሌታ የቀረባቸው፣ ጠመንጃ በእጃቸው ይዘው «የገበሬውን በሬ አንነካም» ብለው ይጽፋሉ። ከዓድዋም በፊት የነበረው የወታደርና የገበሬ ነገር እንዴት እንደነበር ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። መፍረድ የቻለ መኮንን ማለት ይህ ነው። ይህ ከጡንቻ አይመጣም፤ በጣርማበር ሽንፈትም አልጠፋም።

ፍጻሜያቸው መራራ ነው። ራስ እምሩ አብረዋቸው ሆነው ተዋጉ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጅ ለመስጠት ተገደዱ። ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል፣ ጣሊያን የተማረውን ወጣት እየለቀመ ፈጀ፤ የሆለታ ልጆችም ብዙዎቹ በዚያ አለቁ። ከተረፉት አንዱ ሙሉጌታ ቡሊ በኋላ ጄኔራልና የክብር ዘበኛ አዛዥ ሆነዋል።

ከነፃነት በኋላ ሆለታ በእንግሊዞች እጅ እንደገና ተከፈተ። በ1950 ዓ.ም. የሐረር ጦር አካዳሚ ተቋቋመ፤ አስተማሪዎቹ ሕንዶች፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ጊዜው ሦስት ዓመት። ወደ ሐረር የሚገባው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣ ጎበዝ ተማሪ ነው። ሆለታ ግን በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገለውንም ይቀበል ነበር። በሁለቱ መካከል መናናቅ እንደነበረ ያገራችን ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ በመጽሐፉ ሲኮራ ሌላው በእግሩ አቧራ ይኮራል።

በዚህ በእስራኤል ያለው ሥርዓት በዚህ በኩል ወደ ሆለታው ይቀርባል። መኮንን የሚሆነው አስቀድሞ ወታደር ሆኖ፣ ታዝዞ፣ ከጓደኞቹ መካከል ተመርጦ ነው። ከዚያ ወደ ነጌቭ በረሃ፣ ሚጽፔ ራሞን አጠገብ ወዳለው ባሃድ 1 ይላካል። ወንዱም ሴቷም ይሄዳሉ። ከወታደርነት በፊት ደግሞ የዝግጅት ዓመት አለ፤ «መኺና» ይሉታል። የልጄ ልጅ «አባባ፣ መኺና ልገባ ነው» ሲለኝ፣ መኪና መንዳት ሊማር መስሎኝ «ቀስ ብለህ ንዳ» ብዬ መረቅኩት። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ሞተ።

እንግዲህ ለሚሰናዳ ልጅ፣ ከሽማግሌዎቹ የሰማሁትን፣ እዚህ ያገለገሉ ልጆቻችን ከነገሩኝ ጋር አዋህጄ ልንገረው።

መጀመሪያ እግር ነው። አዲስ ጫማ ይዘህ ወደ ረጅም ጉዞ አትሂድ፤ ከሁለት ወር በፊት በቤትም በመንገድም አድርገህ አለስልሰው። ካልሲህ ደረቅ ይሁን፣ ጥፍርህ አጭር ይሁን። ውኃ የቋጠረ ተረከዝ ጎበዙን ያስቀረዋል።

ሁለተኛው ሸክም ነው። በአንድ ጊዜ አታብዛ። መጀመሪያ ባዶህን ተራመድ፣ ከዚያ ጥቂት ጨምር፣ ከዚያ ደግሞ ጥቂት። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ አጥንት ግን ዘግይቶ ነው የሚለምደው። ባንድ ሳምንት ሊጎብዙ ብለው ቅልጥማቸው ተሰንጥቆ የቀሩ ብዙ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍ፤ ዕረፍትም ሥራ ነው።

ሦስተኛው ስንቅና እንቅልፍ ነው። ውኃ ከመጠማትህ በፊት ጠጣ። ምግብ አትዝለል። እኛ በየኔታ ቤት ዶሮ ሲጮህ ተነሥተን በጨለማ የቃል ትምህርት እንቀጽል ነበር፤ ይህን ያስቻለን በጊዜ መተኛታችን ነው። እናንተ ግን ያን ስልክ ይዛችሁ እኩለ ሌሊት ታደርሳላችሁ። ማታ አስቀምጡት።

አራተኛው ወላጅንም ይመለከታል፤ ንግግር ነው። ባገራችን ጨዋ ልጅ በትልቅ ፊት አንገቱን ይደፋል፣ ካልተጠየቀ አይናገርም። ይህ ክብር ነው። እዚህ ግን በምርጫው ፈተና፣ «ጊቡሽ» በሚሉት፣ ዝም ያለው ልጅ የማያውቅ ወይም የፈራ ይመስላቸዋል። ስንት ጠንካራ ልጅ ሮጦ ሁሉን ቀድሞ፣ ስላልተናገረ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል! ስለዚህ ቤት ውስጥ ልጆቻችንን እናናግራቸው። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለን እንጠይቃቸው፤ ሲመልሱም አናቋርጣቸው። ልጅ የአባቱን ዓይን እያየ ሐሳቡን ቢናገር ድፍረት አይደለም፣ ልምምድ ነው። የሆለታዎቹ ፈረንሳይኛ ሳያውቁ በር አልተከፈተላቸውም፤ የዚህ አገር በር ደግሞ ዕብራይስጥና ግልጽ ንግግር ነው።

አምስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ እሱም ፍርድ ነው። ይህን በሩጫ አትለማመደውም። በቤትህ የምትለማመደው ነው። ታናሽህ ሲያጠፋ እንዴት ትቀጣዋለህ? አብሮህ የሚሮጠው ሲደክም ጥለኸው ትሄዳለህ ወይስ ቦርሳውን ትቀበለዋለህ? ደካማ በእጅህ ሲወድቅ ምን ታደርጋለህ? ነገ 30 ሰው ሲሰጥህ፣ ሌሊት ሲሆን፣ ስትራብ፣ ስትናደድ፣ በፊትህ የማታውቀው ሰው ደጅ ሲገጥምህ፣ ያን ጊዜ አዲስ ሰው አትሆንም። ትናንት የነበርከው ራስህ ነህ።

የጥቁር አንበሳ ልጆች ምረቃቸውን አላዩም። ትከሻቸው ላይ ኮከብ የሚያደርግላቸው ሳያገኙ ሞቱ። እኔ ግን መኮንኖች ናቸው እላለሁ፣ በቃሉ ትርጉም። ሽቅብ የምትሮጡ ልጆቻችን፣ ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ፤ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ፤ በእጃችሁ የሚወድቀውም ሰው ከክፉ ፍርድ ይዳን። አሜን።